አራተኛው ጋን

ጥቅምት 4 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ከሁሉ በፊት ጤናህን እጠይቃለሁ። እኛ አለን፤ መኖር ይህ ከሆነ። ፈጣሪ እጅህን ይባርክ፣ ከሰው አገር ክፉ ይጋርድህ።

ልጄን ፉጨትን ከቀበርነው ሁለት ወር አለፈ። በስልክ ስታለቅስ ሰምቼሃለሁ፤ ዝም ያልኩህ ስልኩን የማነሣበት ሱቅ ውስጥ ሰው ስለነበረ ነው። ከልጄ ጋር በአንድ አልጋ አድጋችኋልና ስለ እሱ ላንተ የምጽፈው የለኝም። የምጽፍልህ ስለ አባትህ ነው።

ነገሩን በቁርጥራጭ ስለሰማኸው ከሥሩ ልንገርህ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ትኩስ ብርጭቆ ቀስ ብሎ ከሚቀዘቅዝበት ከማብረጃው ምድጃ በአንድ ጋሪ አሥራ ሁለት ጋን ወጣ። ጋን የምለው ያንኑ ሃያ ሊትር የሚይዘውን የአሲድ ጠርሙስ ነው፤ ሠራተኛው ዛሬም ሌላ ስም አላወጣለትም። አባትህ እንደምታውቀው የፋብሪካው አድማጭ ነው። እያንዳንዱን በእንጨት መዶሻ ያንኳኳል፤ ድምፁ ደህና ከሆነ ሥሩ ላይ በቢጫ ሰም እርሳስ መንጠቆ ይሥልበታል፤ ደህና ካልሆነ ወደ ስባሪ ክምር ይልከዋል። ያን ቀን ከአሥራ ሁለቱ ሦስት ተጣሉ፣ ዘጠኝ አለፉ። ካለፉት አንዱ በማግስቱ መሙያ ክፍል ውስጥ ልጄ አሲድ ሲሞላው ፈነዳ። ሦስት ቀን ቆየ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ማብረጃው ቸኩሎ ቀዝቅዟል ብሎ የሚናገር አንድ ሰው ጠፋ፤ የምድጃው ኃላፊ የሥራ አስኪያጁ አማች ነው። ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ አድማጩ ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ኮሚቴው ጥፋተኛ ካለው ወደ ፍርድ ቤት ነው የሚያስተላልፈው። በስልሳ አንድ ዓመቱ እስር ቤት ከገባ ደግሞ ሬሳው እንጂ እሱ አይወጣም።

የቀሩት ስምንት ጋኖች እንዲሰባበሩ ታዘዘ። እኔ ደግሞ ሥራዬ ጋን መጠቅለል ነው፤ አንዱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አወጣሁት። ጎረቤታችን መርከበኛው ይዞልህ ይመጣል።

አንተ የብርጭቆን ትንሿን መንቀጥቀጥ የምትለካ ሰው ነህ። ይህንን ለካውና ማኅተም ባለው ወረቀት ላይ፣ እንከኑን የሰው ጆሮ ሊሰማው አይችልም ብለህ ጻፍልኝ። ሌላ የምለምንህ የለም። አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛውን በቁሙ መቅበር አልችልም።

አክስትህ

ኅዳር 20 ቀን

ለእትዬ፣

በሩቅ ሆኜ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ያጣሽውን የሚተካ ምርቃት ግን አላውቅም።

ጋኑ በደህና ገብቷል። መርከበኛው ሲያስረክበኝ፣ «ሚስቴን እንኳ እንዲህ አቅፌ አላደርኩም። አክስትህ ይህ ከተሰነጠቀ በዚያው ቅር ብላኛለች» አለኝ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

የምሠራበት ክፍል ከምድር በታች ነው። ልጅ ሆኜ «የጋን ውስጥ መብራት» ትይኝ ነበር፤ ይኸው ደረሰብኝ። ክፍሉ ከታች የሆነው፣ መንገድ ላይ የሚያልፈው መኪና እንዳያነቃንቀን ነው። ጠረጴዛው ድንጋይ ነው፣ ከሥሩ አየር የተሞላ ጎማ አለው። ጋኑን ሦስት ቡሽ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከጎኑ ሳንቲም የምታህል ድምፅ ማጉያ ከወፍራም ወደ ቀጭን ቀስ እያለች ታንጎራጉራለች። የጋኑ የራሱ ድምፅ ላይ ስትደርስ ብርጭቆው ይመልስላታል። ሲንቀጠቀጥ በዓይን አይታይም፤ ቢበዛ የአንድ ፀጉር ውፍረት አንድ ሺህኛ ቢነቃነቅ ነው። ሆዱ ላይ ቀጭን ጨረር ጥለን፣ ነጥሮ የሚመለሰውን ብርሃን እናነባለን። እኔ ስቆጥር ትንፋሼን እይዛለሁ፤ አለበለዚያ የኔ ሳንባ ከጋኑ ጋር ይመዘገባል።

መሣሪያው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ተይዟል። እስከዚያ ጋኑን አዘጋጅቼዋለሁ። ደንቡ መጀመሪያ ማጽዳት ነው፤ የጣት አሻራ እንኳ ክብደት አለው፣ ቁጥሩን ያበላሻል። የብርድ ልብሱን ክር፣ የመርከቡን ጨው፣ ሥሩ ላይ የነበረችውን ቢጫ መንጠቆ፣ ሁሉንም በአልኮል አጸዳሁት። የአባዬ እጅ መቼም ከባድ ነው፤ መንጠቆዋ ብቻ ሁለት ጨርቅ ፈጀች።

ወረቀቱን እጽፋለሁ። የምጽፈው ግን የማየውን ነው፤ ይህንን አስቀድሜ ልንገርሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስደውል የምታነሺው አንቺ ነሽ። አባዬን አቅርቢልኝ ስልሽ ወጣ፣ ተኛ፣ ታጠበ ትይኛለሽ። ይህን ያህል የሚታጠብ ሰው መቼም አላየሁም። ተቀይሞኛል እንዴ?

ልጅሽ

ታኅሣሥ 18 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ አጥሯል፤ ምርቃቴ አልጎደለም።

አጸዳሁት አልከኝ። ከማጽዳትህ በፊት ፎቶ አንስተኸዋል? መንጠቆዋን አስተውለህ አይተሃታል? ለምን እንደምጠይቅህ አትጠይቀኝ፤ ብቻ መልስልኝ።

አባትህ አልተቀየመህም። መስመሩ ይቆራረጥበታል፤ ይህ ብቻ ነው።

ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት ጠርቶት ነበር። ሰብሳቢው፣ «የዚያን ጋሪ ጋኖች ያዳመጥካቸው አንተ ነህ?» አለው። «አዎ» አለ። «ሦስት የጣልክ፣ ዘጠኝ ያሳለፍክ አንተ ነህ?» «አዎ።» ምሳህን በልተሃል ቢለውም አዎ ነበር የሚለው። የመጨረሻውን ቀጠሮ ለመጋቢት ሃያ አድርገዋል። ቤት ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጣል። ትናንት ሳህን ከእጄ ወድቆ ከኋላው ተሰበረ፤ ዞር ብሎ አላየኝም።

ጋኑ ውስጥ ሙቅ ውኃ እንዳታደርግ። ብቻህን ስትሆን ደግሞ አትንካው።

አክስትህ

ጥር 14 ቀን

ለእትዬ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤቱ። የምጽፍልሽ ደስ የሚያሰኝ ነገር ባይሆንም በጤና እንዲያገኝሽ እመኛለሁ።

ፎቶ አላነሣሁም። ፎቶ የምናነሣው ለደንበኛ ዕቃ ነው፤ ይህ የቤት ዕቃ መስሎኝ ነበር።

ጋኑን አራት ቀን ለካሁት። ደህና ጋን አንድ ድምፅ ነው ያለው። ይህኛው ሁለት አለው። አንዱ በሰከንድ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ሁለት መቶ አሥራ ስድስት። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለ፤ ብርጭቆው በዚያ በኩል ይላላል። ስንጥቁን ያመጣው ማብረጃው ነው። ገና ትኩስ ሳለ በአንድ ጎኑ ቀዝቃዛ አየር መትቶታል፤ ይህንን በሁለተኛው ገጽ በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሁለቱ ድምፆች ሲገናኙ ግን ይጋፋሉ። ስታንኳኪው ዋ፣ ዋ፣ ዋ እያለ በሰከንድ አራት ጊዜ ይወዛወዛል። መሣሪያ አያስፈልገውም። አለቃዬ ቡና ይዛ ስታልፍ በእርሳሷ ነካ አድርጋው፣ «ይህማ የታመመ ነው» ብላ አለፈች። ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ሠላሳ ዓመት አድማጭ የነበረ ሰውማ ከበሩ ውጭ ሆኖ ይሰማዋል።

ወረቀቱ ተጽፏል፤ አለቃዬ ፈርማበታለች፣ ማኅተም አለው። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ከላክሁት አባዬን ያሳስረዋል። ሌላ ልጽፍ አልችልም፤ ቁጥሩ መዝገብ ገብቷል።

እትዬ፣ የመስመሩን ነገር ተይኝ። አባዬ ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰማው?

ልጅሽ

የካቲት 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ምርቃቱን ከፊት አላደርገውም። አንብበህ ስትጨርስ ምርቃቴን የምትፈልግ ከሆነ፣ ያኔ እንደመረቅኩህ ቁጠረው።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። መጀመሪያ ቀጭን ድምፅ ሄደበት፣ ከዚያ ሁሉም። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ከኋላው ሆኜ ስጠራው ዝም አለኝ። ዞሮ ሲያየኝ ፊቴን አይቶ ገባው። «አትንገሪ» አለኝ። መጀመሪያ የነገረኝ ይህንኑ ነው፤ ሌላ አልጨመረም።

ጠረጴዛዬ ከእሱ ጎን ነው። እሱ ያንኳኳል፣ እኔ እሰማለሁ፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን እረግጠዋለሁ። አንድ ጊዜ ደህና ነው፤ ሁለት ጊዜ ይጣል። ሰው ሲያየን እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ እኔ ጋን በጭድ እጠቀልላለሁ። መዳፉን ጋኑ ሆድ ላይ ያሳርፋል፤ በእጁ የሚሰማ ይመስለዋል መሰለኝ። «ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ አንቺ ጠጠሬ ነሽ» ይለኝ ነበር። ሁለት ዓመት አንድም ጋን አልተሳሳትንም። ተቆጣጣሪው እንዲያውም፣ «አንተ ሰውዬ ስታረጅ ጆሮህ ተሳለ» ብሎታል።

ያን ቀን አባትህ ወንበሩ ላይ አልነበረም። ከከተማው ወዲያ ማዶ ሰው የማያውቀው የጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤለት፣ በኋላው በር አስወጣሁት። የሚቆየው ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ጋሪው ቶሎ መጣ። እኔ አንኳኳሁ፣ እኔ ሰማሁ፣ መንጠቆውንም እኔ ሣልኩ።

ሦስት ጣልኩ። አራተኛውን ሳንኳኳ ዋ፣ ዋ አለ። ልክ አንተ እንደጻፍከው ነው።

ደንባችንን አታውቀውም። ከአንድ ጋሪ ሦስት ድረስ አድማጩ በራሱ ይጥላል። አራተኛ ከተጣለ ተቆጣጣሪው ይጠራል፤ መጥቶ ከአድማጩ ጋር እንደገና ይሰማል። ቢመጣ ባዶ ወንበር ያገኛል። የት ሄደ ይላል። ነገ አባትህን አቁሞ ይፈትነዋል። በሩን አየሁ፣ ጋኑን አየሁ። ስንቱ እየተወዛወዘ ሄዶ ምንም ሳይሆን ተመልሷል ብዬ አሰብኩ። መንጠቆ ሣልኩበት። ከዚያ አምስተኛ እንደ እሱ ያለ መጣ። ለመጀመሪያው ካሳለፍኩ ለሁለተኛው ምን እላለሁ? እሱንም አሳለፍኩ።

አንዱ ልጄን ገደለው። ሁለተኛው ያንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከስምንቱ መካከል በጥፍሬ እያንኳኳሁ ፈልጌ ነው ያወጣሁት። ሐሰት እንድትጽፍልኝ ፈልጌ እውነቱን ላክሁልህ። ምን እያሰብኩ እንደነበረ አትጠይቀኝ።

አሁን የምለምንህ ሌላ ነው። እኔ ግራኝ ነኝ። የአባትህ መንጠቆ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ የኔ ወደ ግራ ዞሮ ነበር። ያን ቀን ማታ ሳስተውለው ደነገጥኩ። ስጠቀልልልህም አይቻታለሁ። ልጠርጋት እችል ነበር፤ ጨርቁ እጄ ላይ ነበር። አልጠረግኳትም። አንተ አይተህ ትጠይቀኛለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን ጠረግካት።

ወረቀቱን እንዳለ ላከው። ከእሱ ጋር በራስህ እጅ፣ መንጠቆዋ ወደ ግራ የታጠፈች ነበረች ብለህ ጻፍ። አባትህ ደንቆሮነቱን ደብቋል፤ ልጄን ግን አልገደለም። እኔ ተነሥቼ እነግራቸዋለሁ። አንተ ከምትጽፈው መስመር ውጭ ግን በእጄ ምንም ማስረጃ የለም።

አክስትህ

የካቲት 30 ቀን

ለእትዬ፣

ምርቃትሽን እፈልጋለሁ። ይህንን አስቀድሜ ጻፍኩ።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ።

መንጠቆዋን አላየኋትም። ነበረች፤ ቢጫ ነበረች፤ ጠረግኳት። ወዴት እንደዞረች አላውቅም። የፀጉርን ሺህኛ የምለካ ሰው ነኝ፤ የጣት ርዝመት ያላትን መንጠቆ አላየሁም። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ጋኑን ገልብጬ በጎን መብራት፣ በማጉያ መነጽር ፈለግኳት። ሰሙ የለም። በደንብ አጽድቼዋለሁ። ሁለቱን ጨርቅ የጽዳት ሠራተኛዋ ከወሰደቻቸው ሦስት ወር አለፈ፤ ስጠይቃት ሳቀችብኝ።

ወደ ግራ ነበረች ብዬ ጻፍኩ። ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ፤ ያኛውንም ቀደድኩት። ለመዋሸት አፍሬ እንዳይመስልሽ። አንቺን አምኜሻለሁ። ግን እሱ ወልዶኛል፣ አንቺ አሳድገሽኛል፤ ወዴትም ብዬ ብጽፍ ከሁለት አንዳችሁን በእጄ እስር ቤት አስገባለሁ፣ ያውም ሳላይ። የጻፍኩት ይህንን ብቻ ነው፦ ምልክት ነበረ፣ አቅጣጫው አልተመዘገበም።

ጋኑ መደርደሪያ ላይ ነው። የኮሪደሩ በር ሲዘጋ ያንጎራጉራል። አለቃዬ አንሣው ትለኛለች፤ እስካሁን አላነሣሁትም።

ልጅሽ

ግንቦት 11 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥህ፤ ዓይንህን ያብራልህ። ምርቃቴ እንዳለ ነው፣ አልወሰድኩብህም። ያላየኸውን አላየሁም አልክ፤ አልተቀየምኩህም።

ዘግይቼ የጻፍኩልህ ነገሩ ሁሉ እስኪያልቅ ነው። አልቋል።

መጋቢት ሃያ ተነሥቼ ነገርኳቸው። ሐኪሙን፣ የኋላውን በር፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ጋን፣ ሁሉንም። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ፣ «እናቴ፣ ሐዘን ሰውን ብዙ ያናግራል፤ ተቀመጪ» አለኝ። «አይሰማም፤ ፊቱን አዙሩትና ጥሩት» አልኩ። «ፋብሪካው ሁለት ዓመት ደንቆሮ አድማጭ ይዞ ኖረ ብለን እንድንጽፍ ነው የምትፈልጊው?» አለ። ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ብቻ አልሳቀም፤ እኔን ያይ ነበር።

አባትህ ከፊቴ ነበር፣ ጀርባው ወደ እኔ። ያልኩትን ሁሉ አንዲት ቃል አልሰማም። ሰብሳቢው፣ «እህትህ የምትለውን ሰማህ?» ሲለው ከንፈሩን አይቶ፣ «አዎ» አለ። «ታዲያ ጋኑን ያሳለፍከው አንተ ነህ?» «አዎ።» ይኸው ይሰማል አሉ።

ስለ መንጠቆዋም ተናገርኩ። «የት አለች?» አሉኝ። «ጸድታለች» አልኩ።

ከዚያ ወረቀትህን አነበቡ። ጆሮ ያለው ሰው ያለ መሣሪያ ይሰማዋል የሚለውን ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ ደገመው። ስለ ማብረጃው የጻፍከው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር፤ አልገለጡትም።

ፍርድ ቤቱ አራት ዓመት ሰጠው። ለማየት ስሄድ ጉንጩ አብጦ አገኘሁት። ጠባቂዎቹ ከኋላ ሲጠሩት አይዞርም፤ ትዕቢተኛ ነው ይላሉ። አይሰማም ብዬ ነገርኳቸው። «ፍርድ ቤት ሰምቷል» አሉኝ። «ለልጅህ ምን ልበለው?» ስለው ከንፈሬን አነበበና፣ «ደህና ነኝ በይው» አለ። እንግዲህ አልኩህ።

ከፍርዱ በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። ወለሉ ላይ ስድስት ጋን ደርድሯል። «ፊትሽን ወደ ግድግዳ» አለኝ። በእስክሪብቶው ተራ በተራ አንኳኳ። «ሦስተኛው» አልኩት። ቦታቸውን ቀያይሮ ደገመ። «አሁን አንደኛው» አልኩት። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ፣ «ሰኞ ወንበሩ ላይ ቁጭ በይ» አለኝ። ምስክርነቴን ጣሉት፤ ጆሮዬን ግን ወሰዱት።

እምቢ ልል ነበር። ስወጣ በመሙያው ክፍል መስኮት አየሁ። በልጄ ቦታ ላይ የዘበኛው ልጅ ቆማለች፤ ጓንቱ ሰፍቷት በክር አስራዋለች። ሰኞ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ደንቡ አልተለወጠም። ማብረጃውም እንዳለ ነው። ሦስት ድረስ እጥላለሁ፤ አራተኛ ከጣልኩ ተቆጣጣሪው ይመጣል። የመጀመሪያ ሳምንት ጠራሁት። መጥቶ አንኳኳ፣ «ምን ሆነ? ደህና ነው» ብሎ በራሱ እጅ መንጠቆ ሣለበት። ጆሮ የለውም፤ ሥልጣን ግን አለው። ጋሪውን እየገፉ ሲወስዱት ተከትዬ ሄጄ ክንዴን አስደግፌ ጋኑን ከጋሪው ላይ ጥዬ ሰበርኩት።

ከዚያ ወዲህ አልጠራውም። አራተኛ ዋ ሲል እጄ ይንሸራተታል። አምስተኛም ከሆነ እንደዚያው። ሠራተኛው እጀ ሰባራ የሚል ስም አውጥቶልኛል። ተቆጣጣሪው፣ «አሮጊቷ ጆሮዋ ደህና፣ እጇ ግን ቅቤ» እያለ ይስቃል። ይሳቅ። ጋን ሲጣል ሰው ይመጣል፤ ጋን ከእጅ ሲወድቅ ግን የሚመጣው መጥረጊያ ብቻ ነው።

ይህን ያህል ቀላል ነው። አራተኛውን ባሳለፍኩበት ቀንም መጥረጊያው ከጎኔ ቆሞ ነበር።

አክስትህ